«ይሰማል» አትበለኝ

ጡረታ ስወጣ የሥራ ባልደረቦቼ አዋጥተው ቴሌቪዥን ገዙልኝ። ካርቶኑን ሲያስረክቡኝ ሁሉም ይስቁ ነበር፤ ስለዚህ ጠረጠርኩ። ቤት ወስጄ ከመክፈቴ በፊት ማሸጊያው ያልተነካ መሆኑን አገላብጬ አየሁ፤ ከከፈትኩት በኋላም ገመዱን ከዳር እስከ ዳር በጣቴ ዳሰስኩት። ባለቤቴ እቴነሽ በሩን ተደግፋ ስታየኝ ቆየችና «አንተ ሰውዬ፣ የገዛ ጥላህንም መታወቂያ ሳትጠይቅ አታሳልፍም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር የተባለው ለእኔ ዓይነቱ ሰው ነው።

ቴሌቪዥኑ ግን በእርግጥም ጠባይ ነበረው። ኳስ በሚተላለፍበት ቀን ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤቶቻችን «ጎል!» ብለው ሲጮሁ፣ በእኔ ስክሪን ላይ ኳሱ ገና መሃል ሜዳ ይንከባለላል። ቆይቶ እኔም ቤት ጎሉ ይገባል። እቴነሽ «ጨዋታውን አበላሹብን» ብላ ትናደዳለች። እኔ ግን ያቺን ክፍተት፣ አንዱ ሰምቶ ሌላው ገና ያልሰማባትን፣ እንደ ድሮ ጠላት ነው የማውቃት። የሥራ ዘመኔ መጨረሻ ያለቀው እሷን ሳባርር ነው። ትንሽ ናት፤ ነገር ግን ሐቀኛውን ሰው ውሸታም ታስመስላለች። አንድ ወጣትም በእሷ ምክንያት ዕድሜውን እስር ቤት ሊጨርስ ነበር።

ስሜ ሰለሞን ነው፤ ጂንካ የሚያውቀኝ «ሰለሞን ፕላዝማ» ብሎ ነው። የሠራሁባቸውን መሥሪያ ቤቶች ስም አልጠራም፤ ሰዎቹ በሕይወት አሉ፣ እኔም በዚህ ዕድሜዬ ነገር አልፈልግም።

ጂንካ የመጣሁት መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ከሳውላ፣ ሬድዮ ኦፕሬተር ሆኜ ነው። ያኔ የአውሮፕላን ማረፊያው ከተማው መሃል ነበር፤ አውሮፕላን ሲመጣ ሳር የሚግጠው ከብት እየተባረረ መንገድ ይለቀቅለታል። ስልክ ወደ ወረዳዎቹ አልገባም። ሃና ወይም ዱስ ላለ ሰው መልእክት የሚደርሰው በእኛ ሬድዮ ነው። አንዱ ይናገራል፣ «ኦቨር» ይላል፣ ጣቱን ከቁልፉ ላይ ያነሳል፣ ሌላው ይመልሳል። ሁለት ሰው እኩል ከተናገረ የሚሰማ የለም።

የሥራ አባቴ ጋሽ ዘነበ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን በወታደር ሬድዮ የጨረሱ፣ ሲናገሩ የሚያጥሩ፣ ሲያዳምጡ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሰው ነበሩ። በደረት ኪሳቸው ውስጥ ሁልጊዜ የእርሳስ ላጲስ አለ፤ እርሳስ ግን የለም። ላጲሱ የሶኬትና የማይክ ጫፍ ላይ ያለውን ዝገት ማጽጃ ነው። ጠዋት እንደገቡ፣ ወንበር ከመሳባቸው በፊት፣ እያንዳንዱን ጫፍ እየነቀሉ ያሹታል። መጀመሪያ ሳያቸው ዕብደት መሰለኝ። በኋላ ግን የጋሽ ዘነበ መስመር ሲሠራ የሌላው እንደሚንጫጫ አስተዋልኩ።

ሁለተኛው አመላቸው ይህ ነው። ወረዳ ላይ ያለው ኦፕሬተር «ይሰማል፣ በደንብ ይሰማል፣ ኦቨር» ሲል ፊታቸው ይኮሳተራል። «ይሰማል አትበለኝ። ያልኩትን ንገረኝ» ይላሉ። ኦፕሬተሩ መልእክቱን በራሱ አፍ ካልደገመላቸው መልእክቱ ደረሰ ብለው አይመዘግቡም። በዚህ የተነሳ የወረዳ ሰዎች ይጠሏቸው ነበር። አንድ ቀን ለምን ሰዉን እንደሚያስጨንቁ ስጠይቃቸው «ሰው ሳይሰማ ‹ይሰማል› ይላል» አሉኝ። «አንዱ በይሉኝታ፣ አንዱ ሻይ ሊጠጣ ቸኩሎ፣ አንዱ የሰማ መስሎት። አንተ ደግሞ አምነህ ትሄዳለህ። መኪናው ይቀራል፣ መድኃኒቱ ይቀራል፣ ሰው ይሞታል።»

ሦስተኛው ስለ ጥርጣሬ ቅደም ተከተል ነበር። «መስመር ሲበላሽ መጀመሪያ እጅህን ጠርጥር፤ ቀጥሎ ሶኬቱን፣ ቀጥሎ ገመዱን፣ ቀጥሎ ማሽኑን። ሰውን መጨረሻ።» የመጀመሪያውን ክፍል ጥሩ አድርጌ ተማርኩ። «ሰውን መጨረሻ» የምትለዋ ግን አልገባ አለችኝ። እኔ ተፈጥሮዬ ከሰው ነው የሚጀምረው።

ዓመታት አለፉ፤ ሬድዮው ዳር ተቀመጠ፣ ኮምፒውተርና ካሜራ መጡ። በአንድ ክፍል ግድግዳ ላይ ትልቅ ስክሪን ተሰቀለ፤ ሩቅ ከተማ ያለው ሰው እዚህ ይታያል፣ እኛም እዚያ እንታያለን። ሰዉ ሁሉ «ፕላዝማ» አለው። ስብሰባ በፕላዝማ፣ ሥልጠና በፕላዝማ፣ ቆይቶም ችሎት በፕላዝማ ሆነ። ደሞዜ ጥቂት ጨመረ፣ የምፈርመው ወረቀት ብዙ ጨመረ።

ጋሽ ዘነበ ያኔ ጡረታ ወጥተዋል፤ ነገሩን ሊያዩ መጡ። ሌላው ሰው የራሱን መልክ በስክሪን ሲያይ ይስቃል፤ እሳቸው መልካቸውን ዞር ብለውም አላዩት። ማዶ ያለው ባለሙያ ማይኩን ወደ ድምፅ ማጉያው እንዲያስጠጋ አዘዙና ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ጊዜ አጨበጨቡ። ዝም። ከዚያ የራሳቸው ጭብጨባ ሄዶ ተመልሶ ከግድግዳው ላይ ተሰማ። «ይሄ ቆይቶ ነው የሚመልሰው» አሉ። «የገደል ማሚቶ ይሻላል።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውንም መስመር የምፈትነው በጭብጨባ ሆነ።

ጥርጣሬዬ የሚያስቅባቸው ጊዜያትም ነበሩ። የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ አቶ ተክሌ ከበላይ አካል ጋር በፕላዝማ ሲሰበሰቡ፣ እሳቸው መናገር በጀመሩ ቁጥር «ድርርር» የሚል ድምፅ ንግግራቸውን ያፈርሰዋል። ሌላ ሰው ሲናገር ፀጥ ነው። መሥሪያ ቤቱ ተሸበረ፤ ሆን ብሎ የሚረብሻቸው ሰው አለ ተባለ። እኔም በልቤ ሁለት ሰዎች ይዤ ነበር። አንድ ቀን ከወንበራቸው ጀርባ ቆሜ ሳያቸው ሊናገሩ ሲሉ ሞባይላቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ለክብር ማይኩ ሥር ያስቀምጡታል። የሚንጫጫው ሞባይሉ ነበር። ይህን ስነግራቸው ሳቁና «ለማንም እንዳትናገር» አሉኝ። ይኸው ጡረታ እስክወጣ ምስጢራቸውን ጠበቅሁላቸው።

አሁን ወደዚያች ክፍተት ልመለስ። ያኔ መስመራችን በሳተላይት ነበር። ቃሉ ከጂንካ ተነስቶ ሰማይ ደርሶ ይወርዳል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይመጣል። ሁለት ሰዎች በር ላይ ተገናኝተው «ይለፉ»፣ «እርስዎ ይለፉ» ሲባባሉ እኩል እንደሚጋጩት፣ በፕላዝማም ሁለቱ እኩል ይጀምራሉ፣ እኩል ይቆማሉ። ስብሰባ ላይ ይህ ያስቃል። ችሎት ላይ አያስቅም። ዳኛው ይጠይቃሉ፤ ምስክሩ ጥያቄው ገና አልደረሰውም፤ ዳኛው የሚያዩት ግን ዝም ያለ ሰው ነው። ዝም ብሎ ቆይቶ የሚመልስ ሰው ደግሞ እየፈጠረ ይመስላል። ስለዚህ መዘግየት የሚያማርር ግን ማንም አልነበረም። ሰው የሚያማርረው ምስል ሲቆራረጥ ነው።

ኤልማ የሚባል የአርቦሬ ወጣት በሰው ግድያ ተከሶ ጂንካ ታስሮ ነበር። የሟችና የእሱ ወገኖች ስለተካረሩ ጉዳዩን ሩቅ ከተማ ያሉ ዳኞች እንዲያዩት፣ ምስክሮቹ ግን ከጂንካ በፕላዝማ እንዲሰሙ ተደረገ። ለኤልማ የሚመሰክርለት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሆራ የሚባሉ ሽማግሌ። ዘመዱ አይደሉም፤ እንዲያውም ከአባቱ ጋር በውኃ ጉድጓድ ተቀያይመው ሰላምታ የላቸውም። ነገር ግን ግድያው በተፈጸመበት ቀን ኤልማ ከጠዋት እስከ ማታ የእሳቸው ማሽላ ላይ ወፍ ሲያባርር ውሏል። ይህን ለመናገር ከአርቦሬ ተነስተው ገሚሱን በእግር፣ ገሚሱን በጭነት መኪና ጂንካ መጡ።

አስተርጓሚዋ ማርታ ማዶ፣ ከዳኞቹ ጋር ነበረች። አርቦሬ ተወልዳ ያደገች፣ እዚያ ከተማ በነርስነት የምትሠራ ሴት ናት። ሽማግሌው አጠገብ ደግሞ ጊኖ የሚባል አብሯቸው የመጣ ጎልማሳ ተቀመጠ። እኔ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጌ ጥግ ላይ ነበርኩ። ጠዋት መስመሩን ፈትኜ፣ ማዶ ያለው ባለሙያ «ይሰማል» ብሎኝ፣ እኔም «ዝግጁ ነን» ብያለሁ።

ዳኛው ጠየቁ፤ ማርታ ተረጎመች፤ ድምፁ ቆይቶ ደረሰ። ሽማግሌው አንድ ሐረግ ተናገሩና ቆሙ። ጊኖን አዩት። ጊኖ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር አለ። ሽማግሌው ቀጠሉ፤ ቆሙ፤ ጊኖን አዩት፤ ጊኖ አጉረመረመ። በማዳመጫዬ ውስጥ ያቺ ጉርምርምታ በየሐረጉ ትገባለች። በገባች ቁጥር ማሽኑ አዲስ ተናጋሪ መጣ ብሎ የሽማግሌውን ቀጣይ ቃል ጫፍ ይቆርጠዋል። እኔ ከሰው የምጀምር ሰው ጊኖን መጠርጠር ጀመርኩ።

ዳኛውም ጠረጠሩ። «ምስክሩ አጠገብ ያለው ሰው ማነው? ምን እየነገረው ነው?» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ፦ «ባለሙያው፣ ያ ሰው ይናገራል?»

«አዎ፣ ክቡር ፍርድ ቤት» አልኩ። «ምስክሩ በተናገረ ቁጥር እሱም ይናገራል።»

ሐሰት አልነበረውም። ጊኖ ወዲያው እንዲወጣ ታዘዘ። ሽማግሌው ብቻቸውን ስክሪኑ ፊት ቀሩ። አንድ ሐረግ ተናገሩና ቆሙ። ከስክሪኑ ምንም አልመጣም። ማርታ ማዶ አንገቷን ደፍታለች፤ ከመተርጎም ውጪ ቃል እንዳትናገር ተነግሯታል። ሽማግሌው ሌላ ሐረግ ሞከሩ፤ አሁንም ምንም። ዳኛው «ጂንካ፣ ይሰማል?» አሉ። እኔ «ይሰማል» አልኩ። ሽማግሌው ስክሪኑን ትንሽ አዩትና አፋቸውን ዘጉ። ከዚያ በኋላ ምንም ቢጠየቁ አልተናገሩም።

ምስክርነቱ እምነት የሚጣልበት አይደለም ተብሎ ታለፈ። ኤልማ ረጅም እስራት ተፈረደበት። ፍርዱ ሲነበብ ወጣቱ ስክሪኑን ሳይሆን የመሬቱን ሲሚንቶ ያይ ነበር። እኔ ገመዶቼን ጠቀለልኩ። መስመሩ አንድም ጊዜ ስላልተቋረጠ ማዶ ያለው ባለሙያ «ግሩም ነበር» ብሎ ላከልኝ።

ውጪ ሽማግሌው ዛፍ ሥር በርኮታቸው ላይ፣ ይዘዋት በሚዞሩት ትንሽ የእንጨት መቀመጫ ላይ፣ ተቀምጠዋል፤ ጊኖ አጠገባቸው ቆሟል። ላልፍ ስል ሽማግሌው በአማርኛቸው ጠሩኝ።

«አንተ! ያ ሰው ሞተ ነው?»

«ማነው የሞተው አባባ?»

«ሳጥን ውስጥ ያለ። እኔ ተናገረ፣ እሱ ዝም። እኔ ተናገረ፣ እሱ ዝም። ለሞተ ሰው ማን ያወራል?»

አልገባኝም። ጊኖ ተናዶ ነበር፤ ቢሆንም አስረዳኝ። «እኛ ጋ ትልቅ ሰው ሲናገር ሰሚው በየመሃሉ ‹ኤ› ይለዋል። ሰምቻለሁ፣ ቀጥል ማለት ነው። ‹ኤ› ከጠፋ ሰሚው የለም፣ ወይም እንደ ውሸታም ቆጥሮሃል። እንደሱ ከሆነ ትልቅ ሰው ዝም ይላል እንጂ አይለምንም። ማዶ ያሉት ‹ኤ› አላሉም፤ ስለዚህ እኔ አልኩለት።»

«ታዲያ ይህን ለምን አልነገርከኝም?»

«አንተ መቼ ጠየቅኸኝ?» አለ ጊኖ። «በር ላይ ካየኸኝ ጀምሮ እንደ ሌባ ነው ያየኸኝ።»

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። በሥራዬ ማሽን አቃጥያለሁ፣ ስብሰባ አበላሽቻለሁ፤ እንዲህ ግን አላዘንኩም ነበር። ሰውየው አልዋሹም፣ ጊኖ አላስጠናቸውም፣ ዳኛውም ክፉ አልነበሩም። ሁሉም ያየውን ነው የጠረጠረው። ጋሽ ዘነበ ቢኖሩ የሚሉኝን አውቅ ነበር፤ እሳቸው ግን ከዚያ በፊት አርፈዋል።

የኤልማ ጠበቃ ጉዳዩን ስነግራቸው ይግባኝ አሉ። ይግባኙን የሚያየው ችሎት ሽማግሌው እንደገና እንዲሰሙ አዘዘ፤ አጠገባቸው ግን ማንም እንዳይቀመጥ ብሎ አስጠነቀቀ። መፍትሔውን ያመጣችው ማርታ ናት። ደወለችልኝና «ጋሽ ሰለሞን፣ እኔ ከዚህ ሆኜ ‹ኤ› ልበላቸው። ችሎቱን አስፈቅዳለሁ» አለችኝ። ደስ አለኝ። በዚያ ላይ ፋይበር የሚሉት የመሬት ገመድ ጂንካ ገብቷል፤ ሰማይ ድረስ የሚወጣ ነገር የለም።

ሽማግሌው ለሙከራ መጡ። ሐረጋቸውን ተናገሩ፤ ቆሙ፤ ጠበቁ። ሁለተኛውን ሲጀምሩ የማርታ «ኤ» ዘግይታ መጥታ አፋቸው ላይ ወደቀች። ደነገጡ። እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ወደቀችባቸው። ተነሱ። «ይቺ ልጅ ሰው ያቋርጣል» አሉና ወጡ። የዘገየች «ኤ» ከዝምታም ትብሳለች። ችሎቱ ሊቀመጥ የቀረው ጥቂት ቀን ነበር። ያቺን «ኤ» በጊዜዋ ማድረስ ካልቻልኩ፣ ሽማግሌው እንደገና ዝም ይላሉ፣ ኤልማም እዚያው ይቀራል።

አጨበጨብኩ። ጭብጨባዬ በፋይበርም እየተጎተተ ተመለሰ። ወዲያው ሰው መጠርጠር ጀመርኩ፦ ማዶ ያለው ባለሙያ ደረጀ አንድ ነገር አድርጓል፣ የሟች ወገኖች ገንዘብ ሰጥተውት ይሆናል። ስልኩን አንስቼ ልሰድበው ስል ጋሽ ዘነበ ትዝ አሉኝ። ስልኩን አስቀመጥኩ። ከእጄ ጀመርኩ።

ከእጄ አጠገብ ያለው ስክሪኑ ነበር። ምስሉን ለማሳመር የሚያደርገውን ሁሉ አጠፋሁበት፤ ከንፈርና ድምፅ እኩል እንዲሄዱ ሲባል ድምፁም አብሮ እየተጠበቀ ነበርና ጥቂት ተሻለ። ቀጥሎ ገመዱ። ከጣሪያው ሥር አይጥ ገሽልጦታል፤ መስመሩ አይቋረጥም፣ ግን አንዳንዱ የድምፅ ቁራሽ ይጠፋል። አዲስ ዘረጋሁ፤ ጫፎቹን በላጲስ አሸሁ። ቀጥሎ ችሎቱን የሚቀዳው ኮምፒውተር። ድምፁ ሁሉ በእሱ ውስጥ አልፎ ነበር ወደ ማዶ የሚሄደው፤ እሱም ሳይቸኩል ካጠራቀመ በኋላ ያሳልፋል። ከመንገዱ አውጥቼ ጎን ለጎን እንዲቀዳ አደረግሁት። ጭብጨባው ቀረበ። አሁንም ግን ለአንዲት «ኤ» ሩቅ ነበር።

የቀረው ሰው ነበር። ለደረጀ ደወልኩ፣ በትሕትና።

«ደረጀ ወንድሜ፣ እዚያ ያለው ማሽን የመጣውን ድምፅ ምን ያህል ነው የሚያቆየው?»

«ከፍ አድርጌዋለሁ ጋሼ። ምስል እንዳይቆራረጥ ተብሎ ከላይ ታዞ ነው።»

ነገሩ እንደ መናኸሪያ አውቶቡስ ነው። የድምፁና የምስሉ ቁራሾች አንድ በአንድ ይመጣሉ፤ አንዳንዱ ይዘገያል። ማሽኑ የዘገየውን ካልጠበቀ ምስሉ ይቆራረጣል፤ ሁሉን ከጠበቀ ደግሞ ጉዞው ይዘገያል። ደረጀ ሁሉም ወንበር ሳይሞላ እንዳይነሳ አዞት ነበር። ለማንም ብሎ ያደረገው ክፋት አልነበረም።

«ቀንሰው» አልኩት።

«ምስሉ ይበላሻል።»

«ይበላሽ። ድምፁ በጊዜ ይድረስልኝ።»

«አለቃህ ይፍቀዱልኝና።»

አቶ ተክሌ ቢሮ ገባሁ። ነገሩን ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሰለሞን፣ ስንት ዓመት ሙሉ ስለ መዘግየት አንድ ቀን ተናግረህ አታውቅም። ዛሬ ለዚህ መዝገብ ብቻ ምን ቆረቆረህ? አርቦሬዎቹ ፍየል ላኩልህ?» አሉኝ። ፈገግ ብለዋል፤ ዓይናቸው ግን አልሳቀም። ዕድሜ ልኬን ሰው ስጠረጥር ኖሬ፣ ተጠርጣሪ መሆን እንዴት እንደሚያቃጥል ያን ቀን ነው ያወቅሁት። የጊኖ ፊት መጣብኝ።

«ለሁሉም መዝገብ ይቀነስ» አልኳቸው። «ይምጡና ያጨብጭቡ፤ ከዚያ ይፍረዱ።»

መጡ። ስክሪኑ ፊት ቆመው፣ እንደ ሕፃን አፍረው፣ አጨበጨቡ። ደረጀ ማዶ ቀነሰ። እንደገና አጨበጨቡ። ሦስተኛ ጊዜ ሲያጨበጭቡ ጭብጨባው እጃቸው ላይ ያለ እስኪመስል ቀርቦ መጣ። ምስሉ እንደተቀደደ ጨርቅ እዚህም እዚያም ይተለተል ነበር። አቶ ተክሌ «ምስሉን ካማረሩ አንተ ነህ የምትጠየቀው» ብለው ወጡ።

በችሎቱ ቀን ሰብሳቢዋ ዳኛ ሴት ነበሩ። ማርታ ስለ «ኤ» ስታስረዳ ጠረጠሩ። «ይህ ከምስክሩ ጋር መስማማት አይሆንም?» አሉ።

«አይሆንም፣ ክብርት ዳኛ። ‹ሰምቻለሁ፣ ቀጥሉ› ማለት ብቻ ነው። ካላልኩ አይናገሩም።»

ተፈቀደላት። ሽማግሌው ሆራ ብቻቸውን ተቀመጡ። ስክሪኑን በጥርጣሬ አዩት፤ ከዚያ አንዲት ሐረግ ወርወር አድርገው ቆሙ። «ኤ» አለች ማርታ። ሽማግሌው አላመኑም። በአርቦርኛ የሆነ ነገር ጠየቋት፤ እሷም አንድ ነገር መለሰችላቸው። ዳኛዋ «ምን ተባባላችሁ?» አሉ።

«‹ምን አልኩ?› ብለው ጠየቁኝ፣ ክብርት ዳኛ። ያሉትን ደገምኩላቸው።»

ጥግ ላይ ሆኜ ዓይኔ እንባ ሞላ። ጋሽ ዘነበ ራሳቸው ከአርቦሬ የመጡ መሰለኝ።

ከዚያ ሽማግሌው ተናገሩ። ስለ ማሽላው፣ ስለ ወፉ፣ ኤልማ ስለቆመበት ማማ፣ ከኤልማ አባት ጋር ያላቸውን ቅያሜም ሳይደብቁ። በየሐረጉ «ኤ» በቦታዋ ትወድቃለች። ምስሉ አንድ ሁለት ጊዜ ተተልትሏል፤ ማንም አላማረረም።

የውሳኔው ቀን ሽማግሌው አልመጡም፤ የመጡበትን ተናግረዋል፣ አበቃ። ክፍሉ ውስጥ ኤልማ፣ የሚጠብቀው የወላይታ ልጅ ፖሊስና እኔ ብቻ ነበርን። ዳኛዋ ውሳኔውን የአንቀጽ ቁጥር እየጠቀሱ በአማርኛ አንብበው እንድትተረጉም ለማርታ ሰጧት። እኔ የሕግ አማርኛውን በቅጡ አልተከታተልኩትም፤ ኤልማም አማርኛ አይሰማም።

ማርታ የመጀመሪያውን ሐረግ ተናገረችና ቆመች። እንደ ወጉ «ኤ» እስኪላት ጠበቀች። ኤልማ ግን አፉን ከፍቶ «ኤ» ማለት አቃተው። ማዶ ያሉት እርስ በርስ ተያዩ። ዳኛዋ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው «ጂንካ፣ ይሰማል?» አሉ።

አፌ ላይ የመጣው «ይሰማል» ነበር። ዋጥኩት። በችሎት ውስጥ ከተጠየቅሁት ውጪ ተናግሬ አላውቅም፤ ባለሙያ ዝም ይላል፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ከጥጌ ሆኜ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ኤ» አልኩ።

ዳኛዋ ቀና ብለው አዩኝ። ማርታ ሁለተኛውን ሐረግ ተናገረች። «ኤ» አልኩ። ሦስተኛውን ስትል ፖሊሱም ከእኔ ጋር «ኤ» አለ፤ ለምን እንደሆነ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። የምትለውን አንረዳም፤ ብቻ እንድትቀጥል እንፈልጋለን። የመጨረሻውን ሐረግ ስትናገር ድምፅዋ ተሰበረ። ኤልማ ግንባሩን ጉልበቱ ላይ ደፋ። ዳኛዋ በአማርኛ «በነፃ ተሰናብቷል፤ ዛሬውኑ ይለቀቅ» አሉ።

ፖሊሱ ካቴናውን ፈታለት። ኤልማ እጆቹን አያቸው፣ ስክሪኑን አየው፣ ከዚያ አጠገቡ ላለሁት ለእኔ እንኳ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ «ኤ» አለ። ማዶ ማርታ ወዲያው ቀና አለች።